ቦሌ የተበላው፣ ቤት ያልተበላው

ልጄ በየእሑዱ ቦሌ ወስዳ ስታበላኝ ከረመች። የሰማ ሁሉ ይቀናል። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ አብረውኝ የሚቀመጡት ሽማግሎች «አንተማ ታድለህ» ይሉኛል። እኔ ግን ከበላሁት ውስጥ አብዛኛውን ምግብ ብዬ ለመጥራት አፌ እሺ አይለኝም።

መራጭ ሰው ሆኜ አይደለም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በከባድ መኪና ሹፌርነት ነው፤ መጀመሪያ የአሰብ መንገድ፣ ኋላ የጅቡቲ። ሚሌ ላይ ዝንብ ከእኔ እኩል እየተሻማኝ ፍየል በልቻለሁ። አዋሽ ላይ የትናንት ፍርፍር አቅርበውልኝ አመስግኜ ተነሥቻለሁ። ጎማ ፈንድቶብን በረሃ መሃል ስንቆም ደረቅ ዳቦ በሞቀ ውሃ እያራስን ውለናል። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር ብዙም ያለፈ አይደለም፤ ያገኙትን በልቶ ዝም ማለትን ግን መንገዱ አስተምሮኛል። ይህን ማስቀደሜ፣ የቦሌን ምግብ ስንቀው «ጠግቦ ነው» እንዳልባል ነው።

ቦሌ የወሰደን ጥጋብ አልነበረም። ባለቤቴ ጥቅምት ላይ አንጀቷ ታጥፎ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ቁስሉ በደንብ ዳነ፤ ምግብ ግን ጠላች። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ ወንበሩን አስጠግቶ ቀስ ብሎ ነገራት።

«እማማ፣ ከእንግዲህ መድኃኒትዎ ምግብ ነው። የሚከለከሉት ነገር የለም፤ ያማረዎትን ይብሉ። ካልበሉ ግን ተመልሰው ይተኛሉ፤ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ልንመግብዎት ነው።»

እሷም «እሺ ልጄ» አለች። ቤት ገብተን ምግብ ሲቀርብላት ሁለት ጉርሻ ጎረሰችና «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጇን ሰበሰበች። በማግስቱም እንዲሁ። ወገቧ ላይ ሁለት ዙር ሄዶ ያልቅ የነበረው መቀነት ሦስተኛ ዙር ሄደ፤ ጫፉም ተረፈ።

ያለችን ልጅ አንዲት ናት፤ ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፣ የምትኖረውም እዚያው ቅርብ ነው። እኛ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ነን። ሊፍት የለም፤ ባለቤቴ ከታመመች ወዲህ ደረጃው አቃታት። ልጄ አንድ ቀን በስልክ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ እማዬ ቀምሳው የማታውቀው ነገር አፏን ይከፍትላት ይሆናል። በየእሑዱ እየዞርን እንፈልግላት። አንተ ቅመስ፤ ትወደዋለች ካልክ በፌስታል አስጠቅልለን እንወስድላታለን።»

በዚህ ዕድሜዬ ቀማሽ ሆኜ ተሾምኩ።

የመጀመሪያው እሑድ አትላስ ነው የሄድነው። በርገር የሚባለውን ሊያስቀምሱኝ ነው። እጄን ታጥቤ ስመለስ አስተናጋጁ ጥቁር የላስቲክ ጓንት ዘረጋልኝ።

«ፋዘር፣ ጓንት።»

«ለምኑ?»

«እጅዎ እንዳይነካካ ነዋ።»

«እጄን እኮ አሁን ታጠብኩ።»

«እሱ ለበፊቱ ነው ፋዘር፣ ይሄ ለኋላው ነው።»

ዞር ብዬ ሳይ ቤቱ ሙሉ ሰው ጥቁር ጓንት አጥልቋል። የደህና ሰው ልጆች፣ አለባበሳቸው የሚያምር፣ ዳቦውን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘው ቅባቱ በክርናቸው ይወርዳል። እኔ ጓንት የማውቀው የመኪና ባትሪ ስነካ ነው። አጠለቅኩት፤ ምን አደርጋለሁ። ዳቦው እንደ ኬክ ይጣፍጣል፣ ሥጋው ደግሞ ሌላ ሰው አኝኮ የተወው ይመስላል። ልጄ «እንዴት ነው አባዬ?» አለችኝ።

«ጓንቱ ጥሩ ነው» አልኳት።

ሳቀች። ቢሆንም ለእናቷ አስጠቀለለች። እናቷ ከፈተችው፣ ክዳን የሚመስለውን ዳቦ በሁለት ጣቷ አንስታ ሥሩን አየች፣ መልሳ ከደነችው። «ይባረክ» አለች። ሌላ ነገር አላለችም።

በሌላ እሑድ ጠጅ በወይን ብርጭቆ አመጡልኝ። ብርጭቆው አፍ ላይ የሎሚ ክብ ሰክተውበታል። ጠጅ ሲጠጣ ሰውየው ከጠጁ ጋር መነጋገር አለበት፤ ይሄ ግን የሚናገረው የለውም፣ ስኳር ነው። አስተናጋጇን «ልጄ፣ ጌሾ የት ሄዶ ነው?» ብዬ ብጠይቃት «ለእንግዶች ስለሚመርባቸው ቀንሰነዋል አባባ» አለችኝ። መምረር የማይፈልግ ሰው ጠጅ ቤት ምን ሊያደርግ ይመጣል? ማር በውሃ በጥብጦ ቤቱ አይጠጣም?

ማኪያቶም እንዲሁ ነው። ላዩ ላይ ልብ ስለውበት ያመጡታል። ልጄ ፎቶ ታነሳዋለች፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉትም የየራሳቸውን ያነሳሉ፤ ፎቶው ሲያልቅ ማኪያቶው በርዷል፤ የበረደውን ጠጥተው «አሪፍ ነው» ይባባላሉ። እኔ ትኩሱን ጠጥቼ ስጨርስ ልብ የነበረው ቦታ ላይ አረፋ ብቻ ነው የቀረው። ልጄ «አንተማ ሳላነሳው አጠፋኸው» አለችኝ።

ሐቅ ለመናገር ከቦሌ የወደድኩት አንድ ነገር አለ። ስፕሪስ። ታቹ አቮካዶ፣ መሃሉ ማንጎ፣ ላዩ ፓፓዬ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት በማንኪያ የሚበላ ጭማቂ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ነገር ጭማቂ መባሉ ቢገርመኝም ወደድኩት፤ ጥርስም አያስቸግርም። ይሄንስ ትወደዋለች ብዬ ይዤላት ሄድኩ። እሑድ ከሰዓት ከቦሌ ለሚ ኩራ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስንደርስ አረንጓዴው ከብጫው ተደባልቆ የኩሬ ውሃ መስሏል። ባለቤቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችውና «ይሄ ነገር ምን አግኝቶት ነው?» አለች።

ሰፈራችንም ደህና ምግብ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ከእኛ ሕንፃ ጀርባ አዲስ ግንባታ አለ፤ እዚያ ለግንበኞቹ ሽሮ የምትሠራ ሴት አለች፣ ቤቷ ቆርቆሮ ነው፣ ወንበሯ ጣውላ። ሽሮውን በሸክላ እያንተከተከች ታቀርባለች፤ ቃሪያው ይለበልባል፣ እንጀራው ቀጭን ነው። በአዘቦት ቀን እዚያ እሄዳለሁ። ሲሚንቶ የለበሱ ሰዎች መሃል ተቀምጬ የምበላው ያ ሽሮ ዓመቱን ሙሉ ከቀመስኩት ሁሉ ይበልጥብኛል። አንድ ቀን እሱንም በሸክላው ተውሼ ፎቅ ወጣሁ። ባለቤቴ አሸተተችው፣ «ይሄስ ሽሮ ነው» አለች፤ ደስ አለኝ። ሁለት ጎረሰች። «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ያን ጊዜ ነገሩ የምግቡ እንዳልሆነ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ግን አልገባኝም፤ ልጄም አልገባትም። እንዲያውም ባሰብን።

ሥርዓታችን እንዲህ ነበር። ያመጣነው ሳህን ላይ ይገለበጣል። ባለቤቴን ሶፋው መካከል እናስቀምጣታለን፣ ከጀርባዋ ትራስ እንደግፋለን፣ ጠረጴዛ እናስጠጋለን። እኔ በዚህ ልጄ በዚያ ሆነን አፏን እናያለን።

«ብዪ እማዬ።»

«እየበላሁ ነው።»

«የታለ? ይቺን ብቻ። በሞቴ።»

«በቃኝ ልጄ።»

«በሞቴ አልኩ እኮ። እንቢ ካልሽ ልሙትልሽ?»

እኔም ከወዲያ «በእኔ ሞት» እላለሁ፤ ልጄ ደግሞ «አፈር ስሆን» ትጨምራለች። አንዷን ጉርሻ በግድ ትቀበላለች፤ የሁለታችን ሞት ጉሮሮዋ ላይ ሲቆም ይታያል። ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ ውሃ ትጎነጫለች፣ «ጠገብኩ፣ ቤታችሁ ይሙላ» ትላለች። ቤታችሁ ይሙላ የምትለው በገዛ ቤቷ ነው። ይሄንንም ሰምተን አለፍነው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። የቦሌን ምግብ መናቄ ከመጠን ያለፈው በሁዳዴ ነው። የጾም በርገር አሉን። የጾም ክትፎ አሉን። የጾም ዱለት፣ የጾም አይብ፣ የጾም ክሬም ኬክ። ከእንጉዳይም ከአኩሪ አተርም ነው አሉ፤ እንደ ሥጋ ቀይ አድርገው፣ እንደ ሥጋ ከትፈው፣ እንደ ሥጋ ሚጥሚጣ ነስንሰው ያቀርቡታል። ሰዉ ቀምሶ «ሥጋ ነው የሚመስለው» እያለ ይደሰታል። ሥጋ እያሰበ፣ የሥጋ ጣዕም እየፈለገ፣ ስሙ ጾመኛ። እኔ የነፍስ አባት አይደለሁምና አልፈርድም፤ ግን ሥጋ ያማረው ሰው ወይ ይብላ ወይ ፋሲካን ይጠብቅ። ለእግዚአብሔር እንጉዳይ አሳይተን «ሥጋ ትተንልሃል» ስንለው ምን እንደሚለን እንጃ።

ባለቤቴ በሕመሟ ምክንያት እንድትበላ የነፍስ አባቷ ፈቅደውላታል። ስለዚህ ለእሷ ዓሣ፣ ዶሮ፣ ያገኘነውን እንወስድላት ነበር። አንድ እሑድ ታዲያ ተቀምጠን ልናያት ስንል «እዚያ አስቀምጡልኝ፣ ቀስ ብዬ እበላዋለሁ» አለች። ልጄ «እውነቷን ነው፣ እያየናት እንዴት ትብላ» ብላ ተስማማች። በማግስቱ የምግቡ ሳጥን ባዶ ሆኖ ተገኘ። በሚቀጥለው እሑድም ባዶ፣ ከዚያም ባዶ። ልጄ በደስታ ስልክ ትደውልልኛለች።

«ዓሣውንም ጨረሰችው?»

«እሾሁ ብቻ ነው ያለው።»

«ተመስገን!»

ሳጥኑ ባዶ ሆኖ ሳለ መቀነቱ ግን እየረዘመ ሄደ። ይሄ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ ከፋሲካ በኋላ ደረጃው ላይ ነው። ከእኛ በር ትይዩ አንዲት ወጣት ሴት ትኖራለች፤ የወለጋ ልጅ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ያን ጊዜ ቀኗ የደረሰ እርጉዝ ነበረች። ባሏ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ክፍለ ሀገር ነው የሚውለው። ደረጃ መሃል ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ አገኘኋትና ቀለል ያለውን ፌስታሏን ተቀበልኳት።

«ጌታ ይባርክዎት አባባ። ልጅዎትንም ይባርካት። ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ እኮ አላውቅም።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ምግቡ ነዋ። ግን አባባ፣ ክፉ አያድርጉብኝና ያለፈው እሑድ ዶሮ ትንሽ ቅባት በዛበት። የዓሣው ነበር የሚጥመው።»

ፌስታሏን እንደያዝኩ ቆምኩ። «ዓሣውን አንቺ ነሽ የበላሽው?»

ደነገጠች። «እማማ አልነገሩዎትም? እኔ እኮ እንቢ ብዬ ነበር። እሳቸው ናቸው 'እርጉዝ ሽታው ሸትቷት መቅረት የለባትም' እያሉ በሬን የሚያንኳኩት። ቢያንስ እንካፈል ስላቸው እኔ በልቻለሁ ይሉኛል። በሞቴ አሉኝ አባባ። እኛ ቤት መሐላ የለም፤ ሰው በሞቱ ሲምልብኝ ምን ልበል?»

ገብቼ ባለቤቴን ጠየቅኳት። ሻሿን እያስተካከለች መለሰችልኝ።

«እርጉዝ ናት።»

«አንቺስ?»

«እኔማ በቃኝ አልኳችሁ። ስንቴ ልበላችሁ?»

በዚያው ሳምንት ልጄ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደቻት። ሚዛኑ ላይ አወጧት፤ ሐኪሙ የሚዛኑን ቁጥር ሲያይ ፊቱን ከእኛ መለሰ። ከዚያ ሰኞ ቀጠሮ ሰጠን። «የሌሊት ልብሷን ይዛችሁ ኑ፤ በዚህ ከቀጠለች አልጋ ይዘን ቱቦውን እናስገባለን» አለ። ልጄ መኪናው ውስጥ አለቀሰች። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣ «ምን ያስለቅስሻል፣ ደህና ነኝ እኮ» ትላታለች።

ከሰኞው በፊት ባለው እሑድ ልጄ አንድ የመጨረሻ ሙከራ እናድርግ አለች። ቦሌ ውስጥ በዶሮ ወጡ ስሙ የተጠራ ቤት አለ፣ ሰው ወረፋ ይዞ ነው የሚበላው። ባለቤቴን ጋደም እንዳለች ትተናት ሄድን። ከአንድ ቀን በፊት ጎረቤታችን ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ መሄዷን ሰምተናል፤ በሰላም ተገላግላ በዚያው ጠዋት ልጇን ታቅፋ መመለሷን ግን አላወቅንም። ስንወጣ በሯ ዝግ ነበር።

ዶሮ ወጡ ስለዶሮ ወጥ ያለኝን እምነት አናጋው። ጥቁር ባለአራት ማዕዘን ሳህን ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ፣ ወጡ መሃል ላይ እንደ ማኅተም ተደርጎ፣ እንቁላሉ ለሁለት ተሰንጥቆ ቅጠል ተሰክቶበት መጣ። ብልት ፈለግሁ። እግር የለ፣ ፈረሰኛ የለ፣ መላላጫ የለ። ሥጋው እንደ ክር ተበጣጥሷል።

«አጥንቱስ?» አልኩት አስተናጋጁን።

«የእኛ አጥንት የለውም አባታችን፤ ለመብላት እንዲመች ተብሎ ነው።»

«ዶሮው በሕይወት እያለ ቆሞ ይሄድ ነበር?»

ልጄ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ያዘችኝ። «አባዬ፣ በናትህ ተወው።» ተውኩት። ሁለታችንም አልጨረስንም። ያም ሆኖ የእናቷን ድርሻ አስጠቀለለች፤ ይሄን ሁሉ መንገድ መጥተን ባዶ እጃችንን እንዴት እንግባ።

ፎቅ ስንወጣ የእኛ በር ገርበብ ብሏል። አልጋው ባዶ ነው። ነጠላዋ የለም። ልጄ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተች፣ በረንዳውን አየች፣ «እማዬ!» አለች፤ ድምጿ ተለወጠ። ባለቤቴ ብቻዋን ደረጃ ከወረደች ወራት አልፏታል። እኔ ወደ ደረጃው ስወጣ የገብስ ዱቄትና የተነጠረ ቅቤ ሽታ አገኘኝ። የጎረቤታችን በር ክፍት ነው።

አራሷ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ሕፃኑ ጎኗ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እናቷ ከወለጋ የተሳፈረችበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ገና አልደረሰም፤ ባሏም ፈቃድ አላገኘም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ድስቱን በሁለት እግሯ መሃል አጥብቃ ይዛ፣ በእንጨት ማማሰያ ገንፎ ታገነፋለች። ክንዷ ክር ነው የሚያክለው፤ ግን ታገላብጠዋለች። ላብ አጥምቋታል። አላየችንም።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለች ነው ወደ ውጭ ጮክ ብላ።

«ጌታ ይባረክ እማማ» ትላለች አራሷ።

«እሱም ይባረክ። እሷም ነበረች።»

«እሺ እማማ።»

ገንፎውን ሳህን ላይ ገልብጣ አድበለበለችው፣ መሃሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጋ በበርበሬ የታሸ ቅቤ ሞላችበት፣ ጎንና ጎኑን እርጎ አፈሰሰችበት። ለመቅመስ ከዳር ቆርሳ ቅቤው ውስጥ ነክራ ጎረሰች። ትንሽ አሰበች። ጨው ጨመረች። እንደገና ቆርሳ ጎረሰች። ሳህኑን ለአራሷ አቀረበችና ራሷ ድስቱ ጋ ተመለሰች፤ የተጣበቀውን በማንኪያ እየፋቀች፣ ቅቤ እያስነካች፣ ቁጭ ብላ በላች። አራሷ የቻለችውን በልታ ሳህኑን ስትመልስላት፣ የተረፈውንም ወስዳ በጣቷ ጠርጋ ጨረሰችው።

እኔ ከመንገድ ስመለስ ትሪ ታቀርብልኝና ቆማ ታስተናግደኝ ነበር። እንግዳ ሲመጣም እንዲሁ፤ ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ዕቃ ይዛ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስትበላ ያየኋት የዚያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። እኛ ደግሞ ይቺን ሴት ሶፋ ላይ አስቀምጠን፣ ትራስ ደግፈን፣ በሞቴ እያልን እንግዳ አደረግናት። እንግዳ ደግሞ በቃኝ ይላል። ያደገችው እንዲያ ተብላ ነው።

ልጄ አጠገቤ ቆማለች። አፏን ከፍታ «እማዬ፣ አሁንም ጨምረሽ...» ልትል ስትል እግሯን ረገጥኳት። አጥብቄ ነው የረገጥኳት። 

ባለቤቴ ቀና ስትል አየችን።

«ምን ትገተራላችሁ? በሩን ዝጉት፣ ነፋስ አራስ ላይ ይገባል።»

ዘጋነው።

«ምን ይዛችሁ መጣችሁ ደግሞ?»

ልጄ ሳጥኑን ሰጠቻት። ከፈተችው፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ በማንኪያ ወዲያና ወዲህ ገላለጠችው።

«ምንድን ነው?»

«ዶሮ ወጥ ነው እማዬ። ቦሌ ውስጥ እንደዚህ ቤት የለም።»

«አጥንቱን ማን በላው?»

አራሷ ሆዷን ይዛ መሳቅ ጀመረች፤ እየሳቀች «እማማ አያስቁኝ፣ ያመኛል» ትላለች። ባለቤቴ አልሳቀችም። ማንኪያውን ጫፍ ላይ ነክታ ቀመሰችና ሳጥኑን ከደነችው። «ሽንኩርቱ አልበሰለም። ሰው እንዲህ አድርጎ ሠርቶ አያፍርም? አንተ ሰውዬ፣ አሁን ውረድና ዶሮ ግዛ። ቀይ ይሁን፣ ደረቱን ዳስሰው፣ ክብደቱን አይተህ ያዝ። ለአራሷ ነገ እሠራላታለሁ።»

«ነገ እኮ ሐኪም ቤት ነን» አለች ልጄ።

«እንሄዳለን፣ እንመለሳለን።»

ወረድኩ። ከኮንዶሚኒየሙ በር ዶሮ ከሚሸጡት ዘንድ አንድ ቀይ መርጬ በእግሩ አንጠልጥዬ ሦስት ፎቅ ወጣሁ፤ መታጠቢያ ቤት የውሃ ቧንቧው ላይ አሰርኩት። ሲያስካካ አነጋ።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰ፣ አዳመጠ፣ «ከትናንት ወዲህ ምን በሉ እማማ?» አላት።

«ኧረ ምንም። ገንፎ ቢጤ ቀመስ አደረግሁ።»

ልጄ ከኋላዋ ሆና ሁሉንም በእጇ አሳየችው፦ ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ጠዋት ደግሞ ገና ሳንነሣ ለአራሷ አጥሚት አፍልታ ከእሷው ጋር መጠጣቷን። ሐኪሙ ፈገግ አለ። በዚህ ከቀጠለች መተኛት አያስፈልጋትም፤ ለሳምንት ትምጣና እንመዝናታለን አለ። የሌሊት ልብሷ ያለበት ቦርሳ መኪናው ውስጥ እንዳለ ተመለስን።

ልጄ በቦሌ በኩል ነዳችው። መንገዱ ተዘግቶ አንድ ግድግዳው መስታወት የሆነ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ቆምን። ውስጡ ሙሉ ነው፣ ገና ረፋድ ነው፣ ሰዉ ለየብቻው ሳህን ፊት ተቀምጦ አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ያኝካል። ልጄ ደስ ብሏት ነበርና «እማዬ፣ ወርደን አንድ ነገር እንቅመስ?» አለቻት።

ባለቤቴ ግንባሯን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ብዙ አየቻቸው።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች ቤት የላቸውም?»

«አላቸው እማዬ።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?»

ልጄ መሪውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። እኔም ይሄን ሁሉ እሑድ አብሬያቸው ተቀምጬ ስበላ ያላገኘሁትን መልስ አሁን ከየት አመጣለሁ።

«ንጂው» አለች ባለቤቴ፣ ወደ ወንበሯ ተመልሳ። «ሽንኩርቱ ገና አልተከተፈም።»